ኤሉል፦ ነፍስ የምትመረመርበት ወር



እንደሚታወቀው የኤሉል ወር ከገባ ጀምሮ በብዙ ቤት ክኔሴቶች ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ሾፋር ይነፋል። አሽከናዚም ከሰንበት በስተቀር በየጠዋቱ ይነፋሉ፤ ስፋራዲም ደግሞ ወሩን ሙሉ ከንጋት በፊት እየተነሡ ሰሊሆት የሚባለውን የምሕረት ልመና ያደርሳሉ። ሽማግሌዎቻችን በአገር ቤት ሳሉ በዚህ ወር ሾፋር የመንፋት ልማድ አልነበራቸውም። ስለዚህ በአንድ የኤሉል ጠዋት በሰፈራችን ቤት ክኔሴት አንድ አባት ክንዴን ያዝ አድርገው፦ «ልጄ፣ ይህ ቀንድ በየጠዋቱ የሚጮኸው ምን ጠፍቶብን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ የሺቫ የሚወስደኝ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስለቸኮልኩ የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር። ዛሬ በሰፊው ልመልስላቸው።

ራምባም፣ ማለትም ራቢ ሞሼ ቤን ማይሞን፣ ስለ ቴሹቫ በጻፉት ሕግ ላይ እንዲህ የሚል ትምህርት አላቸው። በሮሽ ሃሻና ሾፋር መንፋት ኦሪት ያዘዘችው ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ስለሆነም እንፈጽመዋለን። ነገር ግን በውስጡ ምልክት አለው፤ ይኸውም በዚህ ዓለም ከንቱ ነገር ተጠምዶ ያንቀላፋውን ሰው ቀስቅሶ ሥራውን እንዲመረምር ማድረግ ነው። እንግዲህ አባቴ ሆይ፣ የጠፋብን ነገር ሒሳባችን ነው። ዓመት ሙሉ ሠርተን፣ ተናግረን፣ ተቆጥተን፣ ምን አተረፍንና ምን ከሰርን ብለን ሳንቆጥር አንድ ዓመት አለቀ።

ራምባም መምህር ብቻ ሳይሆኑ ሐኪምም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1204 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በግብፅ ይኖሩ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱም ያክሙ ነበር። ስለዚህ ስለ ሰው ጠባይ ሲያስተምሩ እንደ ሐኪም ነው የሚናገሩት። ሥጋው የታመመ ሰው መራራውን ጣፋጭ፣ ጣፋጩን መራራ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከበሽተኞችም አፈርና ከሰል የሚያምራቸው፣ መልካሙን እህል ግን የሚጠሉ አሉ ይላሉ። ነፍሱ የታመመ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ክፉው መንገድ ይጣፍጠዋል፣ መልካሙ ይከብደዋል። መድኃኒቱስ? ሥጋው የታመመ ወደ ሐኪም እንደሚሄድ፣ ነፍሱ የታመመም የነፍስ ሐኪሞች ወደሆኑት ጠቢባን መሄድ አለበት። ከሁሉ የከፋው ታማሚ፣ መታመሙን እያወቀ የማይሄደው ነው።

ይህን ትምህርት ባነበብኩ ቁጥር ቁፓት ሆሊም ትዝ ይለኛል። ሽማግሌዎቻችን ለደም ምርመራ በባዶ ሆዳቸው ይሄዳሉ፤ ሐኪሙም ስኳርዎ ከፍ ብሏል ሲላቸው «ኧረ እኔ ምንም አላመመኝም!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስኳርና የደም ግፊት ሲጀምሩ አያሙም። በአገር ቤት እምብዛም የማናውቀው የስኳር በሽታ እዚህ ከመጣን በኋላ በማኅበረሰባችን ውስጥ በዝቷል፤ ምግባችንና አኗኗራችን ስለተለወጠ ነው። የነፍስ በሽታም በዚሁ መንገድ መጥቶብናል ብል ማጋነን አይመስለኝም። በአገር ቤት ሁለት ወንድማማቾች ቢጣሉ በአንድ መንደር፣ በአንድ ውኃ መውረጃ ስለሚኖሩ ሽማግሌ ገብቶ ሳያስታርቃቸው ክረምት አይወጣም ነበር። እዚህ ግን አንዱ በነታንያ፣ አንዱ በቂርያት ጋት ይኖራል፤ በሠርግና በለቅሶ ካልሆነ አይተያዩም፣ ሲተያዩም ወንበራቸውን አራርቀው ይቀመጣሉ። ቂሙ አሥር ዓመት ይተኛል፤ አያምም፣ ድምፅም የለውም። ለዚህ ነው በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ የሚያስፈልገው።

ይህ ምርመራ በዕብራይስጥ ሄሽቦን ኔፌሽ ይባላል፤ የነፍስ ሒሳብ ማለት ነው። ዕብራይስጡ ሄሽቦን የኛው «ሒሳብ» ዘመድ ስለሆነ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ቃሉ አይከብድም። ሊቃውንቶቻችን በታልሙድ (ባቫ ባትራ) የዚህን ነገር መሠረት ያልተጠበቀ ቦታ ላይ አገኙት። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 የአሞራውያን ንጉሥ የሲሖን ከተማ ሐሴቦን ትባላለች፤ በዚያው ስለ ከተማይቱ የሚነገር ምሳሌ አለ። ሊቃውንቱ የከተማይቱን ስም እንደ ሒሳብ አነበቡትና፣ በክፉ ምኞታቸው ላይ ገዢ የሆኑ ሰዎች እርስ በርሳቸው «ኑ እንተሳሰብ» ይባባላሉ ብለው ተረጎሙት። የሚተሳሰቡትም በዚህ መንገድ ነው፤ ሚጽዋ ስሠራ የሚጎድልብኝን ከማገኘው ዋጋ ጋር፣ ኃጢአት ስሠራ የማገኘውን ጥቅም ከሚያደርስብኝ ጉዳት ጋር በሚዛን አስቀምጣለሁ። ልብ በሉ፣ ኃጢአት ጥቅም የለውም አላሉም። ጥቅም አለው፤ ባይኖረውማ ማን ይሠራው ነበር? መቆጣት ለጊዜው ልብን ያሳርፋል፣ ሐሜትም ቡናውን ያጣፍጣል። ሒሳቡ የሚያስፈልገው ትርፉ በጥሬው ስለሚከፈል፣ ኪሳራው ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው።

በኋላ ዘመን የመጡ መምህራን በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል። በ11ኛው መቶ ዓመት በስፔን የነበሩት ራቢ ባሕያ ኢብን ፓኩዳ «ሆቮት ሃሌቫቮት» (የልብ ግዴታዎች) በተባለው መጽሐፋቸው አንዱን ክፍል ለነፍስ ሒሳብ ብቻ ሰጥተውታል። ራቢ ሜናሄም ሜንዴል ሌፊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1808 ባሳተሙት «ሄሽቦን ሃኔፌሽ» በተባለው መጽሐፍ 13 ጠባዮችን ለይተው፣ ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት እንዲሰጥ፣ በየማታውም የወደቀበትን ምልክት እንዲያደርግ አስተማሩ። 13ቱ ጠባዮች በዓመት አራት ጊዜ ይዞራሉ፤ 52 ሳምንት ማለት ነው። ራቢ እስራኤል ሳላንተር ይህን መጽሐፍ ወድደው እንደገና እንዲታተም አድርገዋል። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ጠባይ ብቻ መቆየቱ ጥበብ አለበት፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አስተካክላለሁ የሚል አንዱንም አያስተካክልም።

ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የነፍስ ምርመራ ከየሺቫ የመጣ አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ወጣት ካለ ተሳስቷል። እኔም ተሳስቼ ነበር። ቤተ እስራኤል በአገር ቤት ወደ ቄሱ ሄዶ ኃጢአቱን ይናዘዝ ነበር። አስተስርዮ፣ ማለትም ዮም ኪፑር፣ በጾምና በጸሎት ይውል ነበር። ከአስተስርዮ ሃምሳ ቀን ቆጥረን በሄሽቫን 29 የምናከብረው ሥግድም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ክኔሴት የመንግሥት በዓል እንዲሆን በሕግ ያጸደቀው፣ ምን እንደሆነ አስቡት። ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹ ከኦሪትና ከመጽሐፈ ነህምያ ያነባሉ። በነህምያ ምዕራፍ 9 ከስደት የተመለሱት የእስራኤል ልጆች ማቅ ለብሰው የራሳቸውንና የአባቶቻቸውን ኃጢአት ይናዘዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ቃል ኪዳኑን ያድሳሉ። ይህ ሒሳብ መተሳሰብ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ብዙዎችም ወደ ተራራው ሲወጡ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር፤ በአገራችን ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት እንደሚወድቅ የምታውቁ፣ ያ ድንጋይ ምን እንደሚናገር ይገባችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ «አሁን ለማን ነው የምንናዘዘው?» የሚል። በሀላኻ መሠረት ቪዱይ፣ ማለትም ኑዛዜ፣ በእግዚአብሔር ፊት በራስ አንደበት የሚነገር ነው። በልብ ማሰብ ብቻውን አይበቃም፤ በከንፈር ማውጣት ያስፈልጋል። በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን ኃጢአት በሰው ፊት መዘርዘር አይገባም፤ ሰው በሰው ላይ የሠራውን በደል ግን በሰው ፊት መናገር የተመሰገነ ነው ይላሉ ራምባም። በአማርኛም በግዕዝም በዕብራይስጥም ብትናገሩት ያው ነው፤ ፈጣሪ አስተርጓሚ አይፈልግም። ወደ ቄስ ወይም ወደ ራቭ ሄዶ ምክር መጠየቅ ግን ራምባም ስለ ነፍስ ሐኪሞች ከተናገሩት ጋር የሚስማማ ነው።

የቴሹቫ መንገድ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰው ኃጢአቱን ይተዋል፣ በሠራው ይጸጸታል፣ በአንደበቱ ይናዘዛል፣ ዳግመኛ እንዳይመለስበትም በልቡ ይወስናል። ፍጹም ቴሹቫ የሚባለው ያው ፈተና፣ ያው ሁኔታ እንደገና ሲመጣበት፣ ማድረግ እየቻለ ሳያደርገው ሲቀር ነው። ይህ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለው ነው። በሰውና በሰው መካከል ላለው ግን ሚሽና (ዮማ፣ ምዕራፍ 8) ቁርጥ ያለ ቃል ተናግሯል፤ በዳዩ የተበደለውን እስኪያስታርቅ ድረስ ዮም ኪፑር አያስተሰርይለትም። 25 ሰዓት ብትጾም፣ ቀኑን ሙሉ ብትቆም፣ ከወንድምህ ጋር ያለው ሒሳብ አይነካም።

የራሴን ሳልናገር ሌላውን ማስተማር አይገባኝም።

የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከየሺቫ ለሸባት ወደ ቤት መጣሁ። አያቴ እንደ አገር ቤት ሥርዓት በሰንበት ትኩስ ምግብ አይቀምሱም፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተሠራውን ዳቦና ወጥ እንደቀዘቀዘ ይበላሉ። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ስለ ፕላታ፣ ስለ ሸባት ምግብ ማሞቂያ፣ ሕግ ተምሬ ነበር። ወንድሞቼና እህቴ፣ የአጎቴ ልጆችም እየሰሙ፦ «እማማ፣ ይህ ልማድ ትክክል አይደለም፤ ትኩስ መብላት ሚጽዋ ነው» አልኳቸው። በዚህም አላበቃሁም። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበሩ አንድ ሊቅ በሸባት ትኩስ የማይበላ ሰው መናፍቅ እንዳይሆን ይመርመር ብለው እንደጻፉ ጨመርኩበት። ያ ሊቅ የጻፉት የሊቃውንቱን ትምህርት አውቀው ስለካዱ ሰዎች ነው፤ ያ ትምህርት ደርሷቸው ስለማያውቅ፣ ኦሪትን ግን ሕይወታቸውን አስይዘው ስለጠበቁ የጎንደር እናት አይደለም። ይህን ለመለየት የሚበቃ ትምህርት ገና አልነበረኝም፤ ድፍረቱ ግን ነበረኝ።

አያቴ ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለትንሿ እህቴ ዳቦ ቆረሱላት። እኔም አስተማርኩ ብዬ ደስ አለኝ። ቀድሞ ወደ ቤት በመጣሁ ቁጥር «በል፣ በዚህ ሳምንት ምን ተማርክ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠየቁኝም። ይህን እንኳ ያስተዋልኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

በዮም ኪፑር ዋዜማ ስልክ ደወልኩላቸው። «ምናልባት አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉኝና ለጾሙ በደንብ መብላቴን ጠየቁኝ። እኔም ሒሳቡ ተዘጋ ብዬ ጾሜን ጀመርኩ። እስቲ ያን ቃሌን መርምሩት። «ምናልባት» አለበት፣ «ከሆነ» አለበት፤ በደሉ ግን በስሙ አልተጠራም። በብዙዎቻችን ስልክ ላይ በዮም ኪፑር ዋዜማ ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚላከው የይቅርታ መልእክትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ይቅር የሚባለው ሁሉም ሰው ነው፤ ስለዚህ ማንም አይደለም። ራምባም ሰው ኃጢአቱን ለይቶ ይጥራ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ኤሉል ስለ ቴሹቫ ስንማር ነገሩ እንደገና መጣብኝ። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ የተበደለው ሰው አልታረቅ ካለ በዳዩ ሦስት ሰዎች ይዞ ይሂድና ይለምነው፤ እንቢ ካለው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይመለስ። ከዚያ በኋላም እንቢ ካለ ኃጢአቱ ይቅር ባላለው ሰው ላይ ይሆናል። የተበደለው መምህሩ ከሆነ ግን ሺህ ጊዜም ቢሆን ይመላለስ። አያቴ መምህሬ ናቸው ወይ? መጽሐፍ አልገለጡልኝም፤ ነገር ግን ሰንበት የሚባል ነገር መኖሩን መጀመሪያ ያወቅሁት ከእርሳቸው ነው። ሦስቱ ሰዎች ደግሞ ለኛ አዲስ አይደሉም፤ ሽማግሌ መላክ ማለት ይኸው ነው። እኔም አጎቴን ይዤ ሄድኩ።

በዚህ ጊዜ «ምናልባት» አላልኩም። በዚያ ሸባት፣ በማዕድ ላይ፣ የተናገርኩትን እንዳለ ተናገርኩ። አያቴ ትንሽ ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦ «ስለ ምግቡማ አንተ የተማርከውን ተናገርክ፤ በእሱ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት በልጆቹ ፊት ስለሆነ ነው። ሰንበትን ያስጠበቅኋቸው እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን ግን ሰንበትን የማላውቅ ሆኜ ታየሁ።»

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመረምር የነበረው የተሳሳተውን ኃጢአት ነበር። በደሌ የሀላኻ ስሕተት መስሎኝ ነበር፤ በደሌ ግን ሊቃውንቶቻችን ደም ከማፍሰስ ጋር ያመሳሰሉት፣ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ነበር። ራሱን ብቻውን የሚመረምር ሰው ይህን ሊያገኘው አይችልም፤ ግማሹ ሒሳብ በተበደለው ሰው እጅ ነው ያለው። በሚቀጥለው ሸባት፣ እነዚያው ልጆች በተቀመጡበት ማዕድ ላይ፣ እንደተሳሳትኩና አያታችንን እንዳሳፈርኩ ተናገርኩ። ከልጆቹ አንዱ ነገሩን ጨርሶ ረስቶታል። እህቴ ግን ቃል በቃል ታስታውሰው ነበር። አያቴ ምንም አላሉም፤ ቀዝቃዛውን ወጥ ወደ እኔም አቀረቡልኝና፦ «በል፣ በዚህ ሳምንት ምን ተማርክ?» አሉኝ።

ስለ ተበዳዩም አንድ ነገር ልበል። ከልቡ ለሚለምን ሰው ይቅር አለማለት ጭካኔ ነው ይላሉ ራምባም። አንዳንድ ጊዜ በማኅበረሰባችን ትልቅ የሆነ ሰው ከታናሹ ይቅርታ መጠየቅ ወይም ቶሎ መታረቅ ክብሩን የሚቀንስ ይመስለዋል። አባቶችና እናቶች፣ ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ፈጥነው ስለሚናገሩ አንዳንዴ ይደፍሯችኋል፤ እናንተም አንዳንዴ በእንግዳ ፊት ታዋርዷቸዋላችሁ። በኤሉል ሁለቱም ወገን ይጀምር፤ ማን ቀድሞ ይጀምር የሚለው ክርክር እንኳ አንዱ የምርመራው ውጤት ነው።

የተበደለው ሰው ከሞተስ? አሥር ሰዎች ይዞ ወደ መቃብሩ ይሄዳል፣ በፊታቸውም ይህንና ይህን በድዬዋለሁ ብሎ ይናዘዛል። ገንዘብ ካለበት ለወራሾቹ ይመልሳል፤ ወራሾቹን ካላወቀ በቤት ዲን ያስቀምጣል። ይህ ሕግ ለኛ ከባድ ነው፤ የብዙዎቻችን ሰዎች በአገር ቤት ወይም በሱዳን መንገድ ላይ ቀርተዋል፣ መቃብራቸው የት እንደሆነ የማይታወቅም አለ። በመንገድ ላይ ውኃ ስለ ማካፈል፣ ሸክም ስለ መጣል፣ ሰው ስለ መተው እስከ ዛሬ በልባቸው የሚያሰቃያቸው ነገር ያለባቸው ሽማግሌዎች አሉ። መምህሬን ይህን ስጠይቃቸው፣ መቃብሩ የማይደረስበት ከሆነ ባለበት ቦታ አሥር ሰዎች ሰብስቦ ይናገር አሉኝ። ይህ ያለበት ሰው ብቻውን አይሸከመው፤ ለቄሱ ወይም ለራቩ ይንገር። በረሃብና በሽፍታ መካከል የተደረገ ነገር በሰላም ጊዜ ሚዛን እንደማይመዘንም ይንገሩታል።

ለዕለት ምርመራ መጽሐፍና እስክሪብቶ ያስፈልጋል ብላችሁ አትፍሩ። ጽሕፈት የማያውቅ ሰው በመደርደሪያ ላይ ሁለት ስኒ ያስቀምጥ፤ በሳምንቱ ለያዘው አንድ ጠባይ፣ ለምሳሌ ለቁጣ፣ በታገሠበት ጊዜ በአንዱ፣ በወደቀበት ጊዜ በሌላው አንድ ሽምብራ ይጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይቁጠር። ልጆች ካሉ አብረው ይቁጠሩ፤ የናንተን ስኒ ሲያዩ የራሳቸውን ይጠይቃሉ። ሰው ሊታረቅ ያሰበውን ሰው ስም ደግሞ አሁኑኑ ይያዝ። አንድ ስም ይበቃል። የዮም ኪፑር ዋዜማ በጣም ጥድፊያ የበዛበት ቀን ስለሆነ እስከዚያ አትጠብቁ፤ አንድ ሰው ቂርያት ጋት ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ለመልካም ዓመት ተጻፉ፣ ተፈረሙ። ሻና ቶቫ።